ወፍ ዝር የማይልበት ማሳ

ተረት ተረት!

«የወፍ ጎረቤት!» በሉ። አዎ፣ እንደዚያ። አሁን ዝም በሉና ስሙ። ሁለት ጊዜ አልናገርም።

ድሮ፣ ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ፣ ፈንቴ የሚባል ገበሬ ነበረ። ድሃ ነው። ሁለት ማሳ ነበረው። አንዱ ጓሮው ነው፤ ቀለቡ ከዚያ ይወጣል። ሌላዋ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ቁራጭ መሬት ናት። አባቱ ሊሞት ሲል «ይቺ የአያትህ ርስት ናት፤ ከእጅህ እንዳትወጣ» ብሎ የሰጠው እሷን ነው። በዚያ አገር ርስት የሌለው ሰው ሰው አይባልም። ሸንጎ ላይ አይቀመጥም። ሲሞት እንኳ የሚቀበርበት ይቸግራል።

ፈንቴ ጎረቤት ነበረው። ጥጋቡ ይባላል። ስሙ ጥጋቡ ነው፤ ጠግቦ ግን አያውቅም። የጥጋቡ ትልቁ ማሳ የፈንቴን ቁራጭ መሬት በሦስት በኩል ከብቧታል። በአራተኛው በኩል ገደል ነው። ጥጋቡ ማሳውን ባየ ቁጥር ያቺ ቁራጭ እንደ ዓይን ጉድፍ ትቆረቁረዋለች።

በዚያ ሰሞን አንድ ነጋዴ ከሩቅ አገር መርዝ በገንቦ ጭኖ መጣ። መርዙ የነካው አረም ሳይውል ሳያድር ይደርቃል። ጥጋቡ ገዛ። ትልቁ ማሳው ላይ ረጨ። አረሙ ደረቀ። «እርፍ የሚጨብጥ ከእንግዲህ ሞኝ ነው» አለ።

ቁጥቋጦውም በዚያው ዘመን ተመንጥሮ አለቀ። ወፎች መደበቂያ አጡ። የሚለቅሙት አጡ። ስለዚህ የሰው እህል ላይ ወረዱ። ፈንቴ ጓሮው ማሽላ ዘራ፤ ወፍ በላው። ማማ ሠርቶ ወንጭፍ ይዞ ጠበቀ፤ ወፍ በላው። በመጨረሻ ወጥመድ አጠመደ። ቆቅ ገባች።

ፈንቴ ካራውን መዘዘ። ቆቋ ተናገረች።

«አያ ፈንቴ፣ ብታርደኝ ስንት ጉርሻ እወጣልሃለሁ?»

«ሁለት።»

«ከሁለት ጉርሻ በኋላስ?»

«ሌላ ቆቅ እይዛለሁ።»

«እኛ እኮ ሌቦች አይደለንም። ቤታችን ተመንጥሮብን ነው። ያቺን የገደል አፋፍ መሬት ስጠን። ጭልፊት የማያየን ጥሻ አድርጋት። የምንለቅመውንም ዝራባት። ከጓሮህ እንወጣለን። ከትል በቀር አንነካብህም።»

ፈንቴ ቶሎ የሚያስብ ሰው አይደለም። ቆሞ አሰበ።

«ርስቴን ለወፍ?»

«ርስቱ ያንተው ነው። እኛ ጭሰኞችህ ነን። ግብራችንን በትል እንከፍላለን።»

ፈንቴ ሳይወድ ሳቀ። ቆቋ ግን አልሳቀችም።

«አንድ ነገር አለ» አለች። «መርዝ እንዳይነካት። መርዝ የነካውን አረም ትል ይበላዋል። ትሉን ጫጩቴ ትበላዋለች። ከዚያ በኋላ ጫጩት የለኝም።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። ያንተስ?»

«ቃሌ ነው።»

ካራውን ወደ አፎቱ መለሰ። ወጥመዱን ፈታ። ቆቋ ሄደች።

በማግስቱ ፈንቴ ገደል አፋፉ ላይ ወጣ። መሬቷ በአረም ተውጣለች። ማጭዱን አንሥቶ መመንጠር ጀመረ። ጥጋቡ ከማሳው ዳር ቆሞ አየው።

«ፈንቴ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ለወፍ ቤት።»

«ለሚስትህ መቼ ቤት ሠራህና!»

ፈንቴ መመንጠሩን ቀጠለ። ጥጋቡ ገንቦውን ይዞ ቀረበ።

«በል እንካ። አንዴ እርጨውና ተኛ።»

«አልፈልግም።»

«በነጻ ነው እኮ።»

«አልፈልግም።»

«ምን ያስፈራሃል?»

«ጭሰኞቼ።»

ጥጋቡ ነገሩ አልገባውም። ያሰበው ሌላ ነበር። ፈንቴ መርዙን ቢረጭ ወፎቹ ያልቃሉ። ወፎቹ ቢያልቁ ፈንቴ ልፋቱ ከንቱ ሆኖበት ተስፋ ቆርጦ መሬቷን ይለቃል። እንዲህ ነበር ያሰበው። ገንቦውን ይዞ ተመለሰ።

ፈንቴ በሬዎቹን ጠመደ። የመጀመሪያውን እርሻ፣ ጉልጓሎውን አረሰ። ዘር አልዘራም። ተቀመጠ።

ዝናብ ዘነበ። አረሙ «ገበሬው ዘርቷል፤ እንቅደመው» ብሎ ብቅ አለ። ፈንቴ በሬዎቹን ጠምዶ ገለበጠው። ዘር አልዘራም። ተቀመጠ።

ዝናብ ዘነበ። አረሙ «አሁንስ በእርግጥ ዘርቷል» ብሎ ብቅ አለ። ፈንቴ በሬዎቹን ጠምዶ ገለበጠው። ዘር አልዘራም። ተቀመጠ።

ዝናብ ዘነበ። ጥቂት የአረም ሞኝ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱም ብቅ አለ። ፈንቴ ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጠው። አረሙ ዘሩን ጨረሰ፤ ፈንቴ ገና አንድ ፍሬ አላወጣም።

ሰርዶ ግን በዚህ አይታለልም። ሰርዶን ስታርሰው ይበዛል። ፈንቴና ሚስቱ ስንዱ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ነቀሉት። ሥሩን ፀሐይ ላይ አሰጡት። ሲደርቅ አቃጠሉት። አመዱን መልሰው መሬቷ ላይ በተኑት።

«ሰው ለወለደው ልጅ እንዲህ አይለፋም» አለች ስንዱ ወገቧን ይዛ።

«ንቀይ።»

«እየነቀልኩ ነው። አፌን ግን አትነቅለውም።»

እናንተ አሁን «መርዙ አይቀልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይቀላል። ገደል መውደቅም ከመውጣት ይቀላል።

በሁለተኛው ክረምት ፈንቴ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ኑግና ተልባ ቀላቅሎ ዘራ። ደቃቁ ፍሬ ለትንንሽ ወፍ፣ ወፍራሙ ለትልልቁ። ዳር ዳሩን አጋምና ቀጋ ተከለ፤ ቀበሮ እሾህ አይወድም። በገደሉ በኩል ያለውን ሣር ሳያጭድ ተወው፤ ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው። እህሉ ደረሰ። አላጨደም። እንደቆመ ተወው።

ወፎቹ መጡ። ቆቅ መጣ። ጅግራ መጣ። ዋኔ መጣ። ስሙን የማላውቀውም መጣ። ከፈንቴ ጓሮ ወጡ። ቆቋ ቃሏን ጠበቀች። ጠዋት ጠዋት ወደ ጓሮው ወርዳ ትል ትለቅማለች፤ ማሽላው ላይ ግን ዓይኗን አትጥልም።

ጥጋቡ ይህን አይቶ አልተኛም። አንድ ማለዳ በሬዎቹን ነድቶ የፈንቴን አጥር አስጣሳቸው። «በሬ ሣር አየና ገባ፤ እኔ ምን ላድርግ!» ሊል ተዘጋጅቷል።

በሬዎቹ ገቡ። ሁለት እርምጃ አልሄዱም። ከእግራቸው ሥር ፍርርርርር! መሬቱ በክንፍ ተነሣ። በሬዎቹ በረገጉ። ጅራታቸውን ሰቅለው ወደ ቤታቸው ሮጡ። መንገዳቸው በጥጋቡ የጓሮ ሽንብራ ውስጥ ነው። ሽንብራው ገና አብቦ ነበር። አንድ ዘለላ አልቀረም።

ፈንቴ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየ።

«አያ ጥጋቡ፣ በሬዎችህ ሽንብራ ይወዳሉ እንዴ?»

ጥጋቡ በሬዎቹን ተከትሎ ሮጠ። አገሩ ግን ወሬውን አልጣለም። ገበያ በወጣ ቁጥር «ሽንብራው እንዴት ከረመ?» ይሉታል።

አሁን ነገሩ ወደሚከፋበት ደረስን።

በዚያ አገር አንድ ሕግ ነበረ። ሦስት ክረምት ጦም ያደረ መሬት ከባለቤቱ ይነጠቃል፤ ላጋለጠው ሰው ይሰጣል። ጦም ያደረ መሬት ማለት እህል ያልተሰበሰበበት ማለት ነው። ንጉሡ ሰነፍ ገበሬን ሊቀጣበት ያወጣው ነው። ሕግ ግን ሰነፉንና ብርቱውን በመልክ አይለይም።

ሦስተኛው ክረምት አለፈ። ፈንቴ ከገደል አፋፉ መሬት አንድ ቁና እህል ወደ ጎተራው አላስገባም። ጥጋቡ ዳኛ ፊት ቀርቦ ከሰሰ።

ፈንቴ ለሙግት ተጠራ። ምሳውን ሳይበላ ተቀመጠ። ስንዱ አየችው።

«ማረስህን አገር ያውቃል» አለች። «ማጨድህንስ ማን አየ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው በሕጉ ተረትተሃል።»

«በሕጉማ ተረትቻለሁ። የአያቴን ርስት በገዛ እጄ ሰጠሁት።»

ስንዱ አላለቀሰችም። አሰበች። እሷ ቶሎ ታስባለች።

«ስማኝ። የጥጋቡ አፍ ሰፊ ነው። አንድ ቢጠይቁት ሦስት ይመልሳል። አንተ ደግሞ ዝም ማለት ታውቃለህ፤ ሌላ ባታውቅም። ዝም በልና አፉን ጠብቅ።»

ሸንጎው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው። ወንድይራድ ይባላሉ። ጆሯቸው ይከብዳል ይባላል። «ሲፈልጉ ነው የሚከብደው» የሚልም አለ።

በዚያ ዘመን ተሟጋች ቃሉን በውርርድ ያስር ነበር። «ይህን ብዬ ብዋሽ በቅሎዬ ይወሰድ» ይላል። አንዴ ያሰረውን መፍታት የለም።

ጥጋቡ ኩታውን አጣፍቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው የአያቱን ርስት ጦም አሳድሯል። ሦስት ክረምት አንድ ቁና አልወጣባትም።»

«ፈንቴ፣ ምን ትላለህ?» አሉ ዳኛው።

«ጦም አላደረችም፣ ጌታዬ።»

«እህል ሰብስበህባታል?»

«ጎተራዬ አልገባም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ተረታ!» አለ አንዱ። ስንዱ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

ጥጋቡ እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ረትቶ ነበር። ዳኛው ሊፈርዱ አፋቸውን ከፍተዋል። እሱ ግን አልተቀመጠም። ፈንቴን አየው። ፈንቴ ዝም ብሏል። ዝምታው አናደደው።

«ሰማችሁ! ራሱ አመነ! ጦም ማደር ብቻም አይደለም። ሰው አይደርስባት! ከብት አይግጥባት!»

«ከብትስ አንድ ቀን ገብቶ ነበር» አለ ፈንቴ ቀስ ብሎ።

ሕዝቡ ስለ ሽንብራው አስታወሰ። ሳቁ ከዋርካው ሥር እስከ መንገዱ ደረሰ። የጥጋቡ ፊት በርበሬ መሰለ።

«እሷም መሬት ተብላ!» ብሎ ጮኸ። «ባዶ ናት! ምድረ በዳ ናት! ወፍ ዝር አይልባትም!»

ይህ አባባል የሁላችንም ነው። ባዶ ቤት ስናይ «ወፍ ዝር አይልም» እንላለን። ስንለው ስለ ወፍ አናስብም። ጥጋቡም አላሰበም። አፉ ቀድሞ ሄደ፤ ልቡ ኋላ ቀረ።

ፈንቴ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ቃሉን ያዙልኝ።»

ዳኛው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ።

«ጆሮዬ ይከብዳል። ጥጋቡ፣ ምን አልክ?»

«ወፍ ዝር አይልባትም አልኩ!»

«ምን?»

«ወፍ! ዝር! አይልባትም!»

ሦስት ጊዜ አለው። ከወንዙ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳይቀሩ ሰሙት።

«አያ ጥጋቡ» አለ ፈንቴ፣ «ወፍ ዝር የማይልበት መሬት ጦም አዳሪ ነው?»

«እሱ ጦም አዳሪ ካልሆነ ምን ይሆናል!»

«ወፍ ዝር የሚልበትስ?»

ጥጋቡ አሁን ነገሩ ሸተተው። ግን ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎበታል። በሽንብራው ስቀውበታል። አሁን ደግሞ ቃሉን ቢያጥፍ የት ይገባል?

«ወፍ ዝር የሚልበትማ የሚበላ ቢኖር ነው። እሱ ጦም አላደረም።»

«በምን ታስረዋለህ?»

«በትልቁ ማሳዬ!»

ያ ማሳ በአገሩ ወደር የለውም ይባል ነበር።

«ታሰረ» አሉ ዳኛው። «ሄደን እንይ።»

በቅሏቸው ላይ ወጡ። ሕዝቡ ተከተለ። ወደ ፈንቴ መሬት ለመድረስ በጥጋቡ ትልቅ ማሳ ማለፍ ግድ ነው። መሐሉ ሲደርሱ ዳኛው በቅሎዋን አቆሙ።

መርዙ በመጀመሪያው ዓመት አረሙን አድርቆ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቡቃያው ቀጨጨ። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ አልበቀለም። ጥጋቡ ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር። መሬቱ እንደ ገል ደርቋል። ጉንዳን አይሄድበትም። ትል የለውም። ትል የሌለበት ደግሞ ምን ወፍ ይመጣል?

ዳኛው አዳመጡ። ወደ ቀኝ አዳመጡ። ወደ ግራ አዳመጡ።

«የሚጮኽ ነገር አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ» አለ ሕዝቡ።

«ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር» አሉና በቅሎዋን ነዱ።

ከፈንቴ አጥር ደረሱ። ዳኛው ወረዱ። ዘንጋቸውን በአጋሙ መሐል ሰደዱና ሣሩን ነካ አደረጉት።

ፍርርርርርር!

ቆቅ ተነሣ። ጅግራ ተነሣ። ዋኔ ተነሣ። ሰማዩ ጠቆረ። የዳኛው ጥምጥም ከራሳቸው ወርዶ ገደል ገባ። በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ሸሸች። ሴቶች ጮኹ፣ ሕፃናት ሳቁ። ዳኛው በባዶ ራሳቸው ቆመው ወደ ላይ አዩ።

«ይህንንስ ሰማሁ!» አሉ።

ከዚያ ወደ ጥጋቡ ዞሩ። ጥጋቡ መሬት መሬት ያያል።

«ጥጋቡ፣ ወፍ ዝር የማይልበት መሬት ጦም አዳሪ ነው ብለሃል። ወፍ ዝር የሚልበት ጦም አላደረም ብለሃል። እኔ አላልኩትም፤ አንተ አልከው፤ አሰርከውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የፈንቴ መሬት ይህን ሁሉ ቤተሰብ ስታበላ ከርማለች። ጦም አዳሪውን መሬት አሁን አልፈነው መጣን። ያጋለጠው ፈንቴ ነው። በራስህ ቃልም በውርርዱም ማሳው የፈንቴ ነው።»

ስንዱ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። እልልታው ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ጎረምሶቹ ፈንቴን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። እሱ «አውርዱኝ፣ አውርዱኝ» ይላል፤ ማን ሰምቶት! ልጆቹም እዚያው ግጥም ገጠሙ፦

ጥጋቡ ጥጋቡ፣ ምን ነካው አፍህን?
ወፍ ዝር አይል ብለህ፣ አስወሰድክ ማሳህን!

ጥጋቡ በዚያው መንገድ ብቻውን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሸንጎ ላይ ሲቀመጥ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሆነ።

ፈንቴ ትልቁን ማሳ ተረከበ። በሬዎቹን ጠመደና አረሰው። ዝናብ ዘነበ። ምንም አልበቀለም። አረም እንኳ አልበቀለም። ፈንቴ አዛባ ተሸክሞ በተነበት። እንደገና አረሰ። ዝናብ ዘነበ። ምንም አልበቀለም። የሰበሰበውን የቅጠል ብስባሽ ጨመረበት። ሦስተኛ አረሰ። ዝናብ ዘነበ።

ማለዳ ላይ ስንዱ ጩኸት ሰማች። ፈንቴ ነው። እሱ በዕድሜው ጮኾ አያውቅም። ሰው የሞተ መስሏት ሮጠች።

«ነይ፣ ነይ! አረም በቀለ!»

«ምን?»

«አረም! እይው! አረም!»

ጎንበስ ብላ አየች። አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል ናት። ሥሯን ጫር ብታደርገው ትል ተንቀሳቀሰ። ቀና ስትል ከአጥሩ ሥር ቆቋ ጫጩቶቿን አስከትላ ወጣች፤ ወደ ትልቁ ማሳ ገባች፤ መጫር ጀመረች።

ስንዱ እልል አለች። አረም በቅሎ እልል የተባለው በዚያ አገር ያን ቀን ብቻ ነው።

በዓመቱ ያ ማሳ ጤፍ ሰጠ። ፈንቴና ስንዱ ጎተራ ጠበባቸው። ሌላ ጎተራ ሠሩ። የገደል አፋፏ ርስት ግን ከወፍ በቀር ማንም አላጨዳት።

እንግዲህ ያዙት። ወፍ ያጎረሰ እጅ ጦም አያድርም።

ተረቴን መልሱ፤ ለወፍም ጥሬ አፍሱ።